ካሜራ ያልደረሰበት ረሃብ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደሴ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ ዓለም በሙሉ እንደዘገበው፣ በዚያው ዓመት ዋግ ኽምራን የመታው ድርቅ ለምን ያን ያህል እንዳልተሰማ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሥቶኝ ሰነበተ። እናንተ ጋዜጠኞች የጎፋን ሐዘን በሚገባው መጠን መዘገባችሁ ትክክል ነው። የመሬት መንሸራተት ግን ቀኑ ይታወቃል፣ ጋዜጠኛውም «ትናንት» ብሎ ይጀምራል። ድርቅ እንዲህ ያለ ቀን የለውም። በልግ ይከሽፋል፣ በሬ ይሸጣል፣ የቤቱ ማገር ሳይቀር ለማገዶ ይሸጣል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ቀዬውን ጥሎ ይወጣል።

በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በአውራ ጎዳናው ዳር ተኮልኩለው መኪና ያስቆሙ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ከዓይኔ አልጠፉም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በረሃቡ ላይ የሠራውን ፊልም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሲያሳይ፣ ወሎ ብዙ ሰው ቀብራ ነበር። በ1977ም መንግሥት በመስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ረሃቡን አፍኖ ነበር፤ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን ነው። ኮረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው፣ መኪና የሚገባባት የአውራ ጎዳና ከተማ ናት፤ ከዚያ መድረስ አቅቷቸው በየገደሉ የቀሩትን ማን ይቅረጻቸው?

አይዘንሴና ስትሮምበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካን የቴሌቪዥን ዜናዎች መርምረው፣ በእሳተ ገሞራ የሞተ አንድ ሰው የሚያገኘውን የመዘገብ ዕድል ለማግኘት በምግብ እጥረት ወደ 40000 የሚጠጋ ሰው መሞት እንዳለበት በ2007 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ይህን ቁጥር ሳነብ የመንገዱ ዳር ሰዎች ፊት ተመለሰብኝ።

ለእኔ ዜናው በሬው የሚሸጥበት ሳምንት ነው፤ ያኔ ገና ሰው አልሞተም። በሚያዝያ የበልጉን ሁኔታ ለማየት ወደ ደላንታ እወጣለሁና ፈቃድ ካገኘሽ አብረሽኝ ነይ። ወገል ጤና ከተማ ገበያ ገብተን አንድ በሬ ስንት ቁና እህል እንደሚገዛ እንጠይቅና፣ ያገኘሽውን ጽፈሽ ለአለቆችሽ አቅርቢላቸው።

አባትሽ