የትራምፔት ነፊው ወሬ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው «ያ ትራምፔት የሚነፋው ፈረንሳዊ ደራሲ ማን ነበር ያልሽኝ?» ሲሉኝ ስልኩ ተቋረጠ። የእርስዎ የሙያ ባልደረባ ስለሆነ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ስሙ ቦሪስ ቪያን ይባላል። በፈረንጆቹ 1920 ፓሪስ አጠገብ ተወለደ። ልጅ እያለ የሩማቲክ ትኩሳት ልቡን ጎዳው። እሱ ግን አርፎ አልተቀመጠም። ተምሮ ኢንጂነር ሆነ። ቀን የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ገብቶ የብርጭቆና የጠርሙስ ደረጃ ያወጣል፤ ማታ ከጃዝ ባንድ ጋር ትራምፔቱን ይነፋል። «የቀናት አረፋ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው በዚያው መሥሪያ ቤት ቅጾች ጀርባ ላይ ነው። በ1947 ታተመ፤ እሱ በሕይወት እያለ ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በደንብ የተቸበቸበለት ቨርነን ሱሊቫን በሚል የአሜሪካዊ ስም ያወጣውና «እኔ ተርጓሚው ነኝ» ያለው መጽሐፍ ነው። እሱም ፍርድ ቤት አስቀርቦ መቶ ሺህ ፍራንክ አስቀጣው። እኔን «አንድ ሥራ ያዢ» የሚሉኝ አባቴ፣ ይኼን ቢያገኙት ምን ይሉት ነበር?

ሐኪሞች ትራምፔቱን ሲከለክሉት ወደ ዘፈን ግጥም ዞረ። ከ400 በላይ ጻፈ፤ በሸክላ ማሳተሚያ ቤትም ሠራ።

እርስዎን የሚያስቆጣዎት ግን «የከዳው ወታደር» የተባለው ዘፈኑ ነው። አንድ ሰው ለጦርነት ተጠርቶ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አልዘምትም ይላል። ሙሉጂ የተባለው ዘፋኝ በ1954 ሲዘፍነው የፈረንሳይ ጦር ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ እየተሸነፈ ነበር። ሬዲዮ ከለከለው። መጀመሪያ ላይ መጨረሻው «መሣሪያ አለኝ፣ መተኮስም እችላለሁ» የሚል ነበር። በዘፋኙ ምክር «መሣሪያ የለኝም፣ ፖሊሶችዎ መተኮስ ይችላሉ» ተብሎ ተቀየረ።

በ1959 ከዚያ ከተከሰሰበት መጽሐፍ የተሠራውን ፊልም ሊያይ ሲኒማ ገባ። ፊልሙን አልወደደውም፤ ስሜን አውጡልኝ ብሎ ተጣልቷቸዋል። ገና እንደተጀመረ ልቡ ቆመ። 39 ዓመቱ ነበር።

ታናሼ እሁድ ስትመጣ ዘፈኑን በስልኳ ታሰማዎታለች፤ ግጥሙን ተርጉሜ ልኬላታለሁ። ስንት ዓመት በጦሩ ባንድ የነፉ ወታደር ነዎትና የትኛው መጨረሻ እንደሚሻል እርስዎ ይፍረዱ። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ብቻ ይደውሉልኝ። የልብ ክኒንዎንም እባክዎ አይዝለሉ።

ልጅዎ