ጀልባዋ ሞተር የላትም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን የስፖርት ገጻችሁ ላይ ከውሃ በላይ ከፍ ብላ የምትበር ትንሽ ጀልባ ፎቶ አይቼ በጣም ደስ አለኝ። ከሥሩ የተጻፈው ግን ልክ አይደለም፣ «ባለ ሞተር የፍጥነት ጀልባ» ይላል። ሞተር የላትም፣ የምትሄደው በሸራ ነው። የምኖረው ሰሜን ጣሊያን፣ ጋርዳ ሐይቅ አጠገብ ነው፤ እኔም ስለምነዳት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሞዝ ትባላለች። ርዝመቷ 3.35 ሜትር ገደማ ነው፣ የምትይዘውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌን ሞሪስ የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1928 የመጀመሪያዋን ሠራ። መብረር የጀመረችው ግን ገና በዚህ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ሮሃን ቪል በ2005 እየበረረ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከሆዷ ሥር ቀጭን ምሰሶ ውሃ ውስጥ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ የመሰለ የካርቦን ፋይበር ክንፍ አለ። መሪዋም ላይ እንዲሁ። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ ፍጥነቷ ይጨምራል፣ ክንፉን እያለፈ የሚሄደው ውሃ ወደ ላይ ያነሳታል፣ ብድግ ትላለች። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ አፍንጫዋ ላይ የተንጠለጠለችው ቀጭን ዘንግ ናት። ጫፏ ውሃውን እየነካካ ይሄዳል፤ ጀልባዋ ከልክ በላይ ከፍ ስትል ዘንጓ ወደ ታች ትወርድና ከክንፉ ኋላ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ስባ ታስተካክለዋለች። ባትሪ የለም፣ ኮምፒውተር የለም።

ከሰዓት በኋላ ኦራ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲነሳ ደስታው ሌላ ነው። ሆዷን ሲደበድብ የነበረው ውሃ ድንገት ጸጥ ይላል፣ የሚሰማው ከሥር የሚመጣ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው፣ ከዚያ በቃ እየበረራችሁ ነው። ጎበዞቹ በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ።

ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሆዷ በጣም ጠባብ ስለሆነ ከቆመች ትገለበጣለች። ስትበር ሰውነታችሁን ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ወደ ውጭ ዘርግታችሁ፣ በአንድ እጅ መሪውን በሌላው የሸራውን ገመድ ይዛችሁ፣ ነፋሱ ትንሽ ሲላላ ወዲያው ወደ ውስጥ መመለስ አለባችሁ። ስትዞሩ ደግሞ ከሸራው ሥር ሾልኮ ወደ ሌላው ጎን መሻገር አለ፣ ያውም ጀልባዋ ተመልሳ ውሃው ላይ ሳትወርድ። ማዕበል ላይ ክንፉ ከውሃ ከወጣ አለቀ፤ አፍንጫዋ ይደፋል፣ እናንተም ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። ሄልሜት የሚደረገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ ይታረም፣ ደግሞም በሌላ ጊዜ ስለ ነጂዎቹ ጻፉ፤ የሚሠራው የሰው ጉልበትና ሚዛን ነው። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በፎይል፣ ማለትም እንዲህ ባለው የውሃ ውስጥ ክንፍ፣ የሚበሩ ሦስት ዓይነት ውድድሮች ነበሩ፣ እስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችሁም በባለ ሸራ ሰሌዳ የተወዳደረውን የቶም ርኡቬኒን ወርቅ አይተዋል። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በደስታ አስረዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጣሊያን