ይድረስ ለልጄ፦ ስለ እነዚያ ጥልፎች

ውድ ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? የለንደን ብርድ አልበረታብሽም?

የላክሽልኝን የድሮ የእንግሊዝ ጥልፎች ፎቶ፣ እነዚያ ልጃገረዶች መርፌ ሥራ የሚማሩባቸውን ጨርቆች፣ ደጋግሜ አየሁት። «እማ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ትርጉም አለው የሚሉት እውነት ነው?» ብለሽኛል። አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ግን ኋላ የመጣ ሰው የጨመረው ይመስለኛል።

አዳምና ሔዋን ከነእባባቸው ማብራሪያ አያሻቸውም። ጫጩቶቿን በገዛ ደሟ የምትመግበው ፔሊካንም ከጥንት ጀምሮ የክርስቶስ ምሳሌ ናት። ስለ እንጆሪውና ስለ አበባው የሚባለውን ሁሉ ግን አትመኚ። ጠላፊዎቹ ልጃገረዶች ከመምህራቸው ወይም ከታተመ የንድፍ መጽሐፍ ነበር የሚገለብጡት። ሲገለበጥ ደግሞ ነገር ይጠፋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥልፎች ላይ አንድ እጁን ያነሳ፣ ራቁቱን የቆመ ትንሽ ሰው አለ። ሰብሳቢዎች «ቦክሰኛ» ይሉታል። መነሻው ለወዳጁ ስጦታ የሚያቀርብ አፍቃሪ ነው። ሲቀዳ ሲቀዳ ሴቲቱ ቁጥቋጦ ሆና ቀረች፣ እሱም ተደባዳቢ መሰለ። ምስኪን!

ጥልፎቹ ላይ የሚታየው ፊደል ግን ለሥራ ነው። አንሶላና ፎጣ ላይ የባለቤቱን ስም ምልክት ማድረግ የሚማሩት በዚያው በመስቀለኛ ስፌት ነበር። በ1830 ገደማ ኤልዛቤት ፓርከር የምትባል ሠራተኛ ምንም ሥዕል ሳታስገባ፣ በቀይ ሐር ክር የደረሰባትን በደል ሁሉ ጠልፋበታለች። «መጻፍ ስለማልችል» ብላ ነው የምትጀምረው። ኋላ አስተማሪ ሆነች።

እኔን የያዘችኝ ግን ጄን ቦስቶክ ናት። ዓመት ከተጻፈባቸው የሚታወቁ የእንግሊዝ ጥልፎች ቀዳሚው የእሷ ነው፣ 1598 ይላል። አሊስ ሊ የምትባል ሕፃን ኖቬምበር 23 ቀን 1596፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መወለዷን ጽፋበታለች። ቀኑ ብቻ አልበቃትም፣ ሰዓቱንም! ከላይ ውሾች፣ አጋዘን፣ በሰንሰለት የታሰረ ድብ አሉ። ለሁለት ዓመት ልጅ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ምሥጢር አልፈልግበትም።

ጨርቁ ያለው እዚያው ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ለእይታ ቀርቦ ካገኘሽው አንድ ነገር እይልኝ። በጀርባው ግንብ የተሸከመ ዝሆን ጠልፋ ኋላ ተፈትቷል፣ ፈለጉ ብቻ ነው የቀረው። የመርፌው ቀዳዳ በዓይን ይለይ እንደሆነ ንገሪኝ። ፎቶ ከፈቀዱ ቀረብ ብለሽ አንሺው፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

እናትሽ