«ወድጄዋለሁ» ካሉ በኋላ፦ የንባብና የፊልም ክበብ የ2017 የትምህርት ዘመን ዘገባ

የንባብና የፊልም ክበባችን በዚህ ዓመት ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር ሲሆን፣ ዘወትር ዓርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል እየተገናኘ እስከ ግንቦት መጨረሻ ዘልቋል። የ12ኛ ክፍል አባላት ከመጋቢት ወዲህ ለፈተና ዝግጅት ተሰናብተውን፣ የቀረነው ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ባሉት ቀጥለናል። ሥራችን አንድ ነበር፤ ያነበብነውን ወይም ያየነውን ወደድነው ወይስ አልወደድነውም ብሎ መናገር፣ ከዚያም ለምን እንደሆነ ማስረዳት። የመጀመሪያው ለማንም ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያደክመንም ሲያስደስተንም ቆይቷል።

በመጀመሪያው ስብሰባ እያንዳንዱ አባል በክረምቱ ካነበበው ወይም ካየው የወደደውን አንድ እንዲጠቅስ ጠይቄ ነበር። መልሱ በአብዛኛው «አሪፍ ነው»፣ «ደስ ይላል»፣ «ያስለቅሳል» የሚል ሆነ። ተማሪዎቹን አልወቅስም፤ በክፍል ውስጥ የምንጠይቃቸው የታሪኩን ጭብጥና የገጸ ባሕርያቱን ስም እንጂ የራሳቸውን ስሜት አይደለም። ስለዚህ በዚያው ቀን አንድ ደንብ አወጣን፤ አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ ያ ስሜት የተፈጠረበትን ገጽ ወይም ትዕይንት ለይቶ መጥቀስ አለበት። አስተያየቶቹ የሚሰፍሩበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርም ተከፈተ። ይህን ዘገባ ስጽፍ ደብተሩ ከፊቴ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፋችን ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ጦቢያ» ነበር። መጽሐፉ ሲታተም የያዘው ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል እንደነበረና ዛሬ የምንገለገልበት «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ከዚያ እንደ መጣ ስነግራቸው አብዛኞቹ ተገረሙ። መገረሙ ግን ለንባብ አላበቃቸውም። ቋንቋው ከበዳቸው፤ በሁለተኛው ዓርብ አሥር ገጽ የጨረሰ አልነበረም። በእኔ በኩል ይህን መጽሐፍ ለወጣት አንባቢ ሰጥቶ ብቻውን መተው ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ጮክ ብለን ተራ በተራ ማንበብ ስንጀምር ግን ዓረፍተ ነገሮቹ በጆሮ ሲሰሙ እንደ ተረት ይፈስሱ ጀመር፤ ለዓይን ረጅም የነበረው ለአንደበት ልክ ሆኖ ተገኘ። መንትያ ወንድሟ ዋህድ በባርነት እጅ ሲወድቅ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ስትወጣ፣ የሰዓቱን ማለቅ ያስታወሰ ተማሪ አልነበረም።

ታሪኩ በጋብቻ መቋጨቱን ግን ብዙዎች አልወደዱትም። ያን ያህል መንገድ የሄደች ልጅ መጨረሻዋ ይኸው ብቻ ነው ወይ የሚል ቅሬታ በደብተሩ ላይ በአምስት የተለያዩ እጆች ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን ጋብቻ የሁለት ወገን እርቅ ማሰሪያ እንደነበረ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ፤ ይሁንና ቅሬታቸው ተገቢ መስሎ ስለ ታየኝ አልተከራከርኳቸውም።

ቀጣዩ ምርጫችን ከዚህ የተነሣ ነው። የወንድ ልብስ የለበሰች ሌላ ልጅ ትኖር እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርታችን ካናዳዊቷ ደራሲ ዴብራ ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን «ዘ ብሬድዊነር» አመጡልን። በታሊባን ዘመን በካቡል የምትኖረው የ11 ዓመቷ ፓርቫና አባቷ ሲታሰር ፀጉሯን ተቆርጣ፣ የሞተ ወንድሟን ልብስ ለብሳ፣ ገበያ ላይ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ እያነበበችና እየጻፈች ቤተሰቧን ታስተዳድራለች። ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለ ነበር መምህርታችን በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ እያነበቡልን፣ ከባዱን ቃል እየፈቱልን ከጥር እስከ መጋቢት ወሰደብን።

የርእሱ ትርጉም ብቻ አንድ ሙሉ ዓርብ በላ። ሰሌዳው ላይ «እንጀራ ፈላጊ»፣ «የቤቱ ምሰሶ»፣ «ቤተሰብ አስተዳዳሪ» የሚሉ ተጻፉ። እንጀራ ፈላጊ ሥራ ያጣ ሰው ያስመስላል ተብሎ ተነቀፈ፤ የቤቱ ምሰሶ የሚባለው አባወራ ነው የሚል ተቃውሞ ሲነሣ ደግሞ፣ አንዲት ተማሪ ታሪኩ የሚለውም ይህንኑ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ የለም ብላ መለሰች። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሦስቱም በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ሰፍረዋል።

በክበቡ ታሪክ ከፍተኛውን ሙግት ያስነሣው ግን አንድ ትዕይንት ነው። ከታሊባን ወገን የሆነ ሰው ወደ ፓርቫና መጥቶ በሟች ሚስቱ ዕቃ መካከል ያገኘውን ደብዳቤ እንድታነብለት ይጠይቃታል፤ ስታነብለትም እንባው ይወርዳል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የካቲት ላይ የጻፈችው እነሆ፦ መጀመሪያ «ወድጄዋለሁ» ብላ በአንድ መስመር ሰርዛዋለች፤ ከሥሩ «አልወደድኩትም፤ ምክንያቱም አዘንኩለት» ይላል። ይህን ስታነብልን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ደራሲዋ ለጨቋኙ እንድናዝን ማድረጋቸው በፓርቫና ላይ የተፈጸመ በደል ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ የሰውዬው እንባ ፓርቫናን ግራ እንዳጋባት ሁሉ እኛንም ግራ ማጋባቱ የመጽሐፉ ብርታት ነው አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ነገር ግን የልጅቷን አንዲት መስመር ያህል ስሜቱን የገለጸልኝ ክርክር አልሰማሁም።

ከመጽሐፉ በኋላ ኖራ ቱሚ የተባሉት አየርላንዳዊት እ.ኤ.አ. በ2017 ያዘጋጁትን የአኒሜሽን ፊልም አየን። ፊልሙ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ጨምሯል፤ ፓርቫና ስለ አንድ ጀግና ልጅና ስለ ዝሆኑ ንጉሥ የምትተርከው ተረት በታሪኩ መካከል እየገባ ይሄዳል። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ፊልሙን መረጡ፤ ተረቱ እንደ አያት ጨዋታ ነው ያለም ነበር። እኔ ግን እስከ ዛሬ መጽሐፉን እመርጣለሁ፤ ውኃ መቅዳቱ፣ ደረጃ መውጣቱ፣ በገበያ ምንጣፍ ላይ ደንበኛ መጠበቁ በየቀኑ ሲደጋገም የሚሰማው ድካም በፊልሙ ውስጥ በቀለሙ ውበት ተሸፍኖብኛል።

ሚያዝያ ላይ ያየነው «ላምብ» ነገሩን ገለበጠው። የያሬድ ዘለቀ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም የሆነው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ መርሐ ግብር ውስጥ በመካተት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ የሚወዳትን በግ ቹኒን ለበዓል ሊያርዱበት ስለሆነ፣ ሳምቡሳ እየሠራ በመሸጥ ገንዘብ ያጠራቅማል። ለእርሻ ሥራ እጁ አይፈታም፤ ወጥ ግን ያውቅበታል፤ አጎቱም ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱን አይወድለትም። መጨረሻውን ላላዩት ብዬ እተወዋለሁ።

ፊልሙ እንዳለቀ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። ከገጠር መጥቶ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፤ በየሳምንቱ ከቤተሰብ የሚመጣው ስንቅ እንጀራና በርበሬ ብቻ በመሆኑ ሽሮውን የሚሠራው ራሱ መሆኑን፣ ይህንንም ለጓደኞቹ ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረን። ቀጥሎም ፊልሙን ከወደደበት ምክንያት ይልቅ የነቀፈበትን አስቀደመ፤ ኤፍሬም ሲያበስል ጢሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው አላየሁም፣ እኔ ግን በየማታው ያቃጥለኛል አለ። ደንባችን የሚጠይቀውን ትዕይንት ለይቶ ከመጥቀስ አልፎ ከራሱ ማድቤት ያመጣው ማስረጃ በመሆኑ፣ በዓመቱ ከሰማሁት የፊልም ሒስ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ሌሎች ሦስት ወንዶች ልጆች እነርሱም እንደሚያበስሉ በደብተሩ ላይ ጽፈው ተገኙ።

የማላዊውን ዊልያም ካምኳምባ ታሪክ የሚተርከውን «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» የተባለውን ፊልምም ከሳይንስ ክበብ ጋር በጋራ ተመልክተናል። ሁሉም ወደዱት፤ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ የቀረ ልጅ በቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ ተመርቶ የነፋስ ኃይል ማመንጫ መሥራቱ ማንንም ያበረታል። ሁሉም ስለ ተስማሙ ግን ውይይቱ በሩብ ሰዓት አበቃ።

በግንቦት የመጨረሻው ዓርብ እያንዳንዱ አባል የቀድሞ አስተያየቱን መልሶ እንዲያነብ አደረግን፤ የለወጠ ካለ የፊተኛውን ሳይሰርዝ ቀኑን ጠቅሶ ከሥሩ እንዲጽፍ ተነገረ። የ9ኛ ክፍሏ ተማሪ ከየካቲቱ መስመር ሥር በሌላ ቀለም እንዲህ ብላለች፦ «አሁንም አልወደድኩትም። አሁንም አዝንለታለሁ። ጦቢያም እንዲህ ዓይነት ሰው ቢገጥማት ምን ታደርግ ነበር ብዬ እያሰብኩ ነው።» ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ አጠገብ ስለ ተቀመጠ፣ ማንበብ የሚፈልግ ተማሪም ሆነ መምህር ጠይቆ መውሰድ ይችላል፤ ባዶ ገጾችም ገና አሉት።