ስለ ሼናንዶዋ ጉዞና ስለ ፓርክ ፓሱ፤ ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አጫጭሩን መጀመሪያ ልጨርስ። የሠርተፍኬት ቀን ባልነው ቀን ነው፤ የንባብ መጽሐፍ ያልመለሳችሁ መልሱ፤ የፊደል ክፍል መምህርታችንም በሰላም ተገላግላ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፣ ስታገኟት እንኳን ማርያም ማረችሽ በሏት።

አሁን ወደ ፓሱ፣ ወደ ፓርክ መግቢያ ካርዱ ማለቴ ነው።

ቨርጂኒያ ወዳለው ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የምናደርገውን የጁን ጉዟችንን ወረቀት ከላክን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ገሚሳችሁ "ትምህርት ቤቱ ሰማንያ ዶላር ሊያስከፍለን ነው" ትላላችሁ። ገሚሳችሁ ደግሞ "አንድ ፓስ ገዝታችሁ ለምን ሁላችንንም አታስገቡንም" ትላላችሁ። አንድ አባት ግሩፑ ላይ "ይሄ ዘረፋ ነው" ብለው ጽፈዋል። ቃሉ አሳዝኖኛል። ግን ጥያቄው ጥያቄ ነውና እመልሳለሁ፣ ለሁላችሁም አንድ ላይ፣ ምክንያቱም ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ መጨረስ አልቻልኩም።

ትምህርት ቤቱ ማንንም ፓስ ግዙ አላለም። ወረቀቱን አውጥታችሁ እዩት። "ፓስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ" ነው የሚለው። ይዛችሁ ኑና ግዙ አንድ አይደሉም።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ሼናንዶዋ ለመግባት በመኪና 30 ዶላር ነው። በመኪና ነው፣ በሰው አይደለም። ብቻችሁን ብትገቡም ሰባት ሆናችሁ ብትገቡም ያው 30 ነው፤ ደረሰኙም ለሰባት ቀን ያገለግላል፣ ስለዚህ አትጣሉት። "አሜሪካ ዘ ቢዩቲፉል" የሚባለው ዓመታዊ ፓስ ደግሞ 80 ዶላር ነው። ሼናንዶዋን ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ ከ2,000 በላይ የፌዴራል ፓርኮችን፣ ደኖችንና የመዝናኛ ቦታዎችን ለአንድ ዓመት ያስገባል። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የምትሄዱት ከእኛ ጋር ይህን አንድ ቅዳሜ ብቻ ከሆነ አትግዙ። ዳይሬክተሩ አትግዙ ብሏል በሉ። 30 ዶላር ከፍላችሁ ግቡ።

"ታዲያ ፓስ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ለምን አነሳችሁት?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያነሳነው ሰመር በመጣ ቁጥር ልጆቻችሁን ጭናችሁ የምትዞሩ ስላላችሁ ነው። ለእነሱ ሒሳቡ ይለያል። ግሬት ፎልስ ፓርክ በመኪና 20 ነው። አሳቲግ ባሕር ዳርቻ፣ ፈረሶቹ ያሉበት፣ 25 ነው። የእኛ ሼናንዶዋ 30። ሦስቱ ሲደመሩ 75፤ አሁንም ከፓሱ አምስት ዶላር ያንሳል። በመከር ቅጠሉ ሲቀላ ሼናንዶዋን ደግማችሁ ካያችሁ ግን 105 ገባ፣ ያኔ ፓሱ 25 ዶላር ያተርፍላችኋል። ሌላ ፓርክ ሳታዩ ሼናንዶዋን ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ የራሱ የፓርኩ ዓመታዊ ካርድ አለ፣ 55 ዶላር፣ ሁለት ጊዜ ከሄዳችሁ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ሰው ፓስ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የሚሄድበትን ሳይሆን ለመሄድ የሚመኘውን ነው። ያለፈውን ዓመት አስቡ። ስንት ቅዳሜ በእርግጥ ከቤት ወጣችሁ? ሁለት ፈረቃ የሚሠራ አባትና ቅዳሜ የምትሠራ ነርስ እናት ያሉበት ቤት የሚቆጥረው የምኞቱን ቀናት ከሆነ 80ው ባከነ።

ከሒሳቡ በፊት ግን አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ፤ ሦስት ሳምንት ስንጨቃጨቅ ማንም ያላነሳው እሱ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ማን እንዳለ እዩ።

አራተኛ ክፍል ልጅ አላችሁ? በመደበኛ ትምህርት ቤቱ አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ማለቴ ነው፣ እሁድ እኛ ጋ የሚማርበትን ደረጃ አይደለም። ለዚያ ልጅ "ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ" የሚባል ፕሮግራም አለ። ልጁ ድረ ገጹ ላይ አጭር ጨዋታ ሠርቶ ፓሱን ያወጣል፣ በወረቀት ፕሪንት አድርጋችሁ ትይዙለታላችሁ። ከሴፕቴምበር እስከ ኦገስት 31 ይሠራል፣ መኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ በነጻ ያስገባል። በነጻ! የአራተኛ ክፍል ልጅ ያላቸው ወላጆች ግሩፑ ላይ ስለ 80 ዶላር ሲከራከሩ ሳይ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት። ልጃችሁ አምስተኛ ክፍል ሲገባ ይህ ዕድል አይመለስም፣ በዚህ ሰመር ተጠቀሙበት።

አያት አብረዋችሁ ይኖራሉ? ዕድሜያቸው 62 ከሞላ፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላቸው፣ የአዛውንት ፓስ ይገባቸዋል። ዓመታዊው 20 ዶላር ነው፣ የዕድሜ ልኩ 80። ልብ በሉ፤ የእማማ የዓመት ፓስ ለአንድ ቀን ከምትከፍሉት መግቢያ በአሥር ዶላር ይረክሳል፣ አብረው እስካሉ ድረስ መኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስገባል። መታወቂያቸውን ይዘው በሩ ላይ ይገዙታል፤ በኢንተርኔት አዝዛችሁ በፖስታ ሲላክ ተጨማሪ ክፍያ ስላለው በሩ ላይ ይሻላል። አካል ጉዳት ያለባቸው ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ደግሞ በነጻ የዕድሜ ልክ ፓስ ያገኛሉ፣ ማስረጃ ይዞ መምጣት ነው። በአሜሪካ ሠራዊት ያላችሁና ያገለገላችሁም በነጻ ነው።

ካርዱ የሚሠራው ግን ባለቤቱ መኪናው ውስጥ ሲሆን ነው። "እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ካርዳቸውን ብቻ ይዘን እንመጣለን" ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ። እማማን ይዛችኋቸው ኑ። ፓርኩን የሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ መንገድ ነው፣ በየመታጠፊያው ቆሞ ተራራውን ቁልቁል የሚያዩበት ቦታ ወደ 70 ይጠጋል። ባለፈው ዓመት አንዲት አያት ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት ጭጋጉን አይተው የተወለዱበትን መንደር ስም ጠሩ፣ የልጅ ልጃቸውም የመንደሩን ስም ያን ቀን ነው የሰማው። እኛ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምንደክመው ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ፓስ ለሁሉም ወደሚለው ልምጣ። አንዲት እናት "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ብለውኛል። ተረቱን እወደዋለሁ፣ ልጆቹንም አስተምራቸዋለሁ። ግን ተረቱ የሚለው ሸክሙን እንካፈል ነው። አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ነው የሚያስገባው፣ የባለቤቱ ፊርማ አለበት፣ በሩ ላይም መታወቂያ ይጠየቃል። ሠላሳ መኪና ተከታትሎ በአንድ ካርድ አይገባም።

ያለፈው ዓመት የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ያላወቃችሁ እወቁ። አንድ ቤተሰብ በፓሱ ከገባ በኋላ መኪናውን ዳር አቁሞ ካርዱን በልጁ እጅ ወደ ኋላ ላከው። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የፓርኩ ጠባቂ፣ ሬንጀሯ፣ አየችው። አልጮኸችም፣ በጨዋነት ካርዱን ተቀብላ ከልጁ ጋር ወደ አባቱ ሄደች። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ሳንድዊቹን አልበላም። ያን ቀን ስለ 30 ዶላር አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለዚያ ልጅ ፊት ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃችሁን በነጻ ይግባ ብላችሁ "አሥራ አምስት ነኝ በል" ያላችሁም ነበራችሁ፤ መግቢያው በመኪና ስለሆነ ውሸቱ አንዲት ሳንቲም እንኳ አላዳነም። እባካችሁ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቀው፣ ይህ ዘንድሮ አይደገም።

"እሺ፣ ትምህርት ቤቱ ለሁሉም መኪና ይክፈል" የምትሉም አላችሁ። ሠላሳ መኪና በ30 ዶላር 900 ነው። የዘጠኝ መቶ ዶላሩ ምንጭ የመጽሐፉና የመምህራኑ የመንገድ ገንዘብ ነው፣ ሌላ ኪስ የለንም። መምህሮቻችን በፈቃዳቸው እንደሚያስተምሩ አትርሱ። ይልቅ ተሰባሰቡ። ሁለት ቤተሰብ ባለ ሰባት ወንበር መኪና ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ 15 ይደርሳል። አቅም ያነሰው ቤተሰብ ካለ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ፣ ክፍት ወንበር ያለው መኪና እፈልግለታለሁ፣ ማንም ሳይሰማ።

"ፓርኮች ለትምህርት ቤት በነጻ ይፈቅዳሉ" ያላችሁት እውነት ነው። ግን ፈቃዱ ቀድሞ በጽሑፍ ተጠይቆ ለትምህርታዊ ጉብኝት የሚሰጥ ነው። እኛ የምንሄደው ከነቤተሰባችን፣ ከነዳቦአችን፣ ለሽርሽር ነው። ለሽርሽር የምንሄደውን ትምህርት ነው ብዬ አልፈርምም። ለሚመጣው ዓመት መምህራኑ ስለ ተራራና ስለ ዱር እንስሳት በአማርኛ የሚያስተምሩበት ጉዞ ካዘጋጁ ያኔ በደስታ አመለክታለሁ።

"ለምን ነጻ ፓርክ አንሄድም" ላላችሁ፤ እዚሁ አጠገባችን ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ነጻ ነው፣ ልጆቹ ግን በየሳምንቱ ያዩታል። ግሬት ስሞኪ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ አያስከፍልም፣ ግን ከእኛ የሙሉ ቀን መንገድ ነው፣ ከ2023 ጀምሮም ለማቆሚያ በቀን 5 ዶላር ያስከፍላል፣ ፓሱም ያንን አይሸፍንም። ፓስ ማለት የመግቢያ ክፍያ ማለት ነው፤ ካምፕ፣ አስጎብኚና ልዩ ቲኬት ሌላ ነው። እዚያው ሼናንዶዋ ውስጥ እንኳ ኦልድ ራግ የሚባለውን ተራራ ለመውጣት ከማርች እስከ ኖቬምበር ቲኬት ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። እኛ ወደዚያ አንወጣም፣ ትንንሾቹ አይችሉትም።

ከአገር ቤት እንግዳ የሚመጣላችሁ ደግሞ ይህን አንብቡ። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ 80 ዶላሩ ፓስ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ነው፤ ለማይኖር 250 ሆኗል። እንደ ግራንድ ካንየን፣ የሎውስቶንና ዮሰሚቲ ባሉ 11 ፓርኮች ደግሞ ዓመታዊ ፓስ የሌለው የውጭ እንግዳ 16 ዓመት ከሞላው በሰው 100 ዶላር ይጨመርበታል። ሼናንዶዋ ከ11ዱ አይደለም። ስለዚህ እናታችሁን ለጉብኝት ያመጣችሁ ለዚህ ጉዞ ምንም አትጨነቁ። በሰመር ወደ ምዕራብ ልትወስዷቸው ካሰባችሁ ግን ሳትነሱ በፊት ወጪውን አስሉት፤ አንድ ቤተሰብ በር ላይ ደርሶ ከእንግዶቹ ፊት እንዲያፍር አልፈልግም።

የምፈልገው ይህን ነው። እስከሚቀጥለው እሁድ ድረስ ከልጃችሁ ጋር በላክነው ትንሽ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉልኝ፤ በመኪናችሁ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንት ክፍት ወንበር እንዳላችሁ፣ በምን እንደምትገቡ (በ30 ዶላር፣ በራሳችሁ ፓስ፣ በአራተኛ ክፍል ልጃችሁ ወይስ በአያት)፣ እና የካርዱ ባለቤት አብሮ እንደሚመጣ። የአራተኛ ክፍሉን ወረቀት ቤት ፕሪንተር የሌላችሁ እሁድ ከትምህርት በኋላ ቢሮ ኑ፣ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን እናወጣዋለን።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፈረንጅ 8:30 ማለቴ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ እንነሳለን። የምንገባው በፍሮንት ሮያል በር ነው። እዚያ ቅዳሜ ወረፋ አለ፣ ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን በእጃችሁ አድርጉ። ውስጥ ፍጥነቱ 35 ማይል ነው፣ አጋዘን ድንገት ይሻገራል፣ ድብም አለ፣ ለልጆቹ ምግብ ሜዳ ላይ እንዳይተዉ ንገሯቸው። እማማ ጋቢያቸውን ይያዙ፣ ላይ ይበርዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር