የክበባት ዘገባ፦ የከባቢ አየር ሳይንስ ክበብ

አምና የክበባችን ውይይት በአብዛኛው በአካባቢ ጥበቃ ዙሪያ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግን አባላቱ ራሳቸው «የአየር ንብረት እየተለወጠ መሆኑ በምን ታወቀ?» የሚል ጥያቄ ስላነሡ፣ የዘንድሮው መርሐ ግብር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ዘርፍ እንዴት እንደሚያስተምሩትና እንዴት እንደሚመራመሩበት በመከታተል ላይ እንዲያተኩር ተወሰነ።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ጥሪያችንን አክብረው የመጡ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የትምህርቱን አካሄድ ሲያስረዱ፣ ተማሪው ስለ ደመና አፈጣጠር በዝርዝር ከመማሩ በፊት ካልኩለስን፣ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን መጨረስ እንዳለበት፣ ከዚያም ቴርሞዳይናሚክስን፣ የጨረር ስርጭትንና በምትሽከረከር ምድር ላይ ያለውን የአየር ፍሰት ሕግ እንደሚማር ገለጹ። የቴሌቪዥኑን የአየር ትንበያ እያሰቡ ለመጡ አባላት ይህ ያልጠበቁት ነበር፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ ድራማ ክበብ መዛወራቸውን አልደብቅም። የቀሩት ግን ሥራውን በቁም ነገር ይዘውታል።

የልኬት ሥራችን የተጀመረው በደረቅና በእርጥብ ቴርሞሜትር ነው። እርጥቡ ቴርሞሜትር ጫፉ በረጠበ ጨርቅ ስለሚሸፈን፣ ውሃው ሲተን ሙቀት ይወስድበትና ከደረቁ ያነሰ ንባብ ያሳያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአየሩን እርጥበት ለማስላት ያገለግላል። አንድ ጠራራ ፀሐይ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ሁለቱም 27 ዲግሪ አሳዩና ተረኛዋ ተማሪ «እርጥበት 100 በመቶ» ብላ መዘገበች። ጓደኞቿ ሰማዩን እያዩ ተከራከሯት፤ ሲጣራ የውሃ መያዣው ደርቆ ኖሯል። አባላቱ ንባቡን ከመሰረዝ ይልቅ ምክንያቱ ተጽፎበት በመዝገቡ እንዲቆይ ወሰኑ። በዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍሎችም የመረጃ ጥራት ቁጥጥር የሚባለው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ክበቡን ከሁሉ በላይ የያዘው የኪሊንግ መዝገብ ነበር። ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም እየሠሩ በ1958 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ ልኬት ሲያስጀምሩ፣ ከአንድ ሚሊዮን የደረቅ አየር ሞለኪውሎች ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ420 አልፏል። አባላቱ ግራፉን በእጃቸው ሲነድፉ መስመሩ እያሻቀበ እንኳ በየዓመቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍና ዝቅ ማለቱ ገረማቸው። አብዛኛው የብስ ያለው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በመሆኑ፣ ዕፅዋቱ በዚያ በሚሞቁት ወራት ጋዙን ሲስቡ መጠኑ ይወርዳል፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ደግሞ መልሶ ይወጣል። ልኬቱ በ1964 መጀመሪያ ላይ በበጀት እጥረት ለጥቂት ወራት ተቋርጦ ነበር። በእኔ አመለካከት፣ የረጅም ጊዜ ምርምር በምን ላይ እንደሚቆም ከግራፉ ከፍታና ዝቅታ ይልቅ ያ ክፍት ቦታ የበለጠ ያስረዳል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ሞዴል፣ ማለትም የከባቢ አየርን ሁኔታ በስሌት ወደ ማስመሰል ተሻገርን። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳሉ በ1961 የአየር ሁኔታን ለሚያሰላው ኮምፒውተራቸው በመነሻነት 0.506127 በማለት ፈንታ 0.506 ብለው ቢያስገቡ ውጤቱ ፍጹም ሌላ ሆኖ ማግኘታቸውን አጥንተን፣ አባላቱ ይህንኑ በአንድ ቀላል ቀመር ሞከሩት፤ የተቀራረቡት ሁለት መነሻዎች ከአሥር እርምጃ ጥቂት ካለፈ በኋላ አንዳቸው የሌላውን አልመሰሉም። በዚህ ጊዜ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «የሚቀጥለውን ወር ዝናብ በቀን ለይተው መናገር ካልቻሉ የዛሬ ሃምሳ ዓመቱን ሙቀት በምን አፋቸው ይናገራሉ?» ሲል ጠየቀ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር እላለሁ። የዕለቱ አየር በመነሻው ሁኔታ ላይ ሲመሠረት፣ የብዙ ዓመታት አማካይ የሆነው የአየር ንብረት ግን ከፀሐይ በሚገባውና ወደ ጠፈር በሚወጣው ኃይል ሚዛን ይወሰናል። ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ በ1967 መላውን ከባቢ አየር በአንዲት ቀጥ ያለች የአየር ዓምድ ወክለው ሲያሰሉ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጥፍ ቢጨምር የምድር ገጽ በ2.3 ዲግሪ ገደማ እንደሚሞቅ፣ ስትራቶስፌር የተባለው ላይኛው የአየር ንብርብር ግን እንደሚቀዘቅዝ አገኙ። ሙቀቱ የመጣው ከፀሐይ መበርታት ቢሆን ኖሮ ላይኛውም አብሮ በሞቀ ነበር፤ በኋላ ሳተላይቶች የለኩት ግን መቀዝቀዙን ነው። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ጠያቂው ተማሪ በመልሱ ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ የውቅያኖሱ ድርሻ የት ገባ ብሎ አሁንም ይሞግተኛል።

የግድግዳ ጋዜጣችን እንደ ወትሮው ወጥቷል። በመጪው ዓመት ስሌቱን ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ለመሥራት ታቅዷል፤ ለዚህም የሒሳብ ክበብ ሊተባበረን ፈቅዷል። የክበቡ ሊቀ መንበር የልኬት መዝገቡን ለተተኪዋ ያስረከበ ሲሆን፣ በዕረፍቱ ወራት ንባብ የሚይዙ ተረኞች ዝርዝር በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል።