በአምባሰል የዘፈንሁት መጽሐፍ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የጦሳ ብርድ ዘንድሮ ቀደም ብሎ መውረዱን እህቴ ስለነገረችኝ፣ የላክሁትን ሹራብ ሳጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ ከጋቢው ሥር እንደሚለብሱት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የጎረቤት ልጅ ሳይሆን እህቴ ራሷ፣ በር ዘግታ እንድታነብልዎ አደራ ብያታለሁ። በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ «ሂሳብ እንዳይቆጥርብሽ» እያሉ ያቋርጡኛል፣ እኔም እውነቱን ለመናገር መቋረጡን ስለምወደው ስልኩን እዘጋለሁ።

በፋሲካ ማግስት ደውለው «ያቺን የአደፍርስን ዘፈንሽን እስቲ በይልኝ» ሲሉኝ «ረስቻታለሁ» አልሁዎ። አልረሳሁም። ከ29 ዓመት በኋላ የመጣ ጥያቄ ስለሆነብኝ መልሱን ከየት እንደማነሣው ጠፍቶኝ ነው።

ደብዳቤውን ዛሬ የጻፍሁት በአጋጣሚ ቢሆንም ቀኑን ሲሰሙት ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። ጀምስ ጆይስ የተባለው የአየርላንድ ደራሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ፓሪስ ላይ ያሳተመው «ዩሊሲስ» የተሰኘው ልብ ወለድ፣ ያ ሁሉ ውፍረቱ፣ በዋናነት የአንዲት ቀን ታሪክ ነው። ቀኗም በእነርሱ ጁን 16 ቀን 1904፣ በእኛ ሰኔ 9 ቀን 1896 ናት። ደብሊን ውስጥ አንባቢዎቹ በየዓመቱ በዚህ ቀን የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው፣ ታሪኩ ያለፈባቸውን መንገዶች እየዞሩ፣ ከመጽሐፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። መጽሐፍን እንደ ታቦት ንግሥ የሚያከብሩ ሰዎች መኖራቸውን ስሰማ መጀመሪያ የታወሱኝ እርስዎ ነዎት።

የዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ግን ለእርስዎ የሚመች አይደለም። ሞሊ የተባለችው ሴት በሌሊት ተኝታ የምታስበው ሐሳብ ስምንት እጅግ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ሆኖ፣ ሥርዓተ ነጥብ የሌለው በሚባል ደረጃ፣ እንደ ቦርከና ክረምት ውሃ እየጎረፈ ይሄድና «አዎን» በምትል ቃል ያበቃል። ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው «አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር በር የሌለው ቤት ነው» ይሉን የነበሩት አባቴ እንዲህ ያለውን ደብተር ስንት ከመቶ ይሰጡት ይሆን?

ኬት ቡሽ የምትባል እንግሊዛዊት ዘፋኝ እነዚያን ቃላት እንዳሉ፣ ሳትነካቸው፣ ማዜም ፈለገች። የደራሲው መብት በእጃቸው የነበረው ወገኖች ከለከሏት። እርሷም ዜማውን አልጣለችውም፤ የራሷን ግጥም ጻፈችና ሞሊን ከመጽሐፉ ገጽ አስወጥታ በእውነተኛው ዓለም መሬት ላይ እንድትራመድ አደረገቻት፤ ዘፈኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ወጣ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ የተከለከለችው ተፈቀደላትና ያንኑ ዘፈን በጆይስ ቃላት፣ በሌላ ርእስ፣ እንደገና ዘፈነችው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል በሚለው አድማጮች አይስማሙም። እኔ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል፤ ክልከላው የራሷን ቃል እንድታገኝ ስላስገደዳት ይመስለኛል። ይህን ስል ግን ክልከላን ማመስገኔ እንዳይመስልዎ።

ሁለቱንም ዘፈኖች ለተማሪዎቼ አሰማኋቸው። አንዱ «እንግዲያማ መጽሐፉን ማንበብ ቀረልኝ» አለና ክፍሉን አሳቀ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ በሴሚስተሩ ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ደግሞ በሳምንቱ መጥታ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ሁለት ጊዜ እንዳነበበችው ነገረችኝ። ሞሊ በመጽሐፉ ውስጥ ሙያዋ ዘፋኝነት ነውና «ዘፈኑ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ እንጂ ከመጽሐፉ አልተሰረቀም» አለችኝ። እኔ ያንን መጽሐፍ ዓመታት ሳስተምረው ይህ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

መጽሐፍ ዘፈን መሆኑን የሚቃወመውን የእርስዎን ክርክር አልዘነጋሁትም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ግቢያችን በጎረቤት ይሞላ ነበር፤ እርስዎም ሰዎቹ እንዳያወሩ በእጅዎ እያስጠነቀቁ ጉዱ ካሣ በተናገረ ቁጥር ጭንቅላትዎን ይነቀንቁ ነበር። ታዲያ ቴዎድሮስ ካሣሁን በእኛ በ2009 ከዚያው መጽሐፍ የተነሣውን «ማር እስከ ጧፍ» የተሰኘ ዘፈን ሲያወጣ ለምን እንደተቆጡ ስጠይቅዎ «ወጋየሁ ድምፁን አዋሰ እንጂ ከሐዲስ ዓለማየሁ አንዲት ቃል አልነካም፤ ይሄኛው ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ በአንዲት እስትንፋስ ሊጨርሰው ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ተከራከርሁዎ። ርእሱን ብቻ እንኳ ቢያዩት፣ ማሩ ተበልቶ ሰሙ ጧፍ ሆኖ እስኪነድ ድረስ የሚል ሐሳብ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ከብዙ ገጽ ሐተታ ይልቅ ይናገራል አልሁ። በዚያ ሰሞን ከጎረቤቶቼ ሦስት ወጣቶች መጽሐፉን ከእኔ ተውሰዋል፤ አንደኛው እስካሁን አልመለሰም።

ሆኖም እርስዎን የሚደግፍ ማስረጃም አለኝ፤ ደብቄዎት ነበር። ዘ ኪውር የሚባል የእንግሊዝ ባንድ፣ ፈረንሳዊው ደራሲ አልበርት ካሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ካሳተመው ልብ ወለድ አንዲት ትዕይንት ወስዶ በ1978 «ዐረብን መግደል» የሚል ዘፈን አወጣ። ትዕይንቷ አንድ ፈረንሳዊ በአልጄርያ የባሕር ዳርቻ፣ ፀሐይ ባናወዘችው ሰዓት፣ ስሙ እንኳ ያልተጠቀሰ ዐረብ ተኩሶ የሚገድልባት ናት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ዘፈኑ ስለዚያ ገዳይ ባዶነት መሆኑን ይረዳል። ያላነበበው ግን ርእሱን ሰምቶ ለጥላቻ ተጠቀመበት፤ በዚህም የተነሣ በ1986 ዘፈኑ ያለበት ስብስብ በአሜሪካ ሲሸጥ ዐረቦችን ለመጥላት መዋሉን የሚቃወም ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ ተለጥፎበታል። ሳያነቡ መዝፈንም፣ ሳያነቡ መስማትም አደጋ እንዳለው በዚህ አምናለሁ።

እነሆ ወደ እኛው 1988 ዓ.ም. መጣሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ፤ በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ቀን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» በአምባሰል ዜማ ሠርቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። በ1962 የታተመው ያ መጽሐፍ በቤታችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ እጅ ታጥቦ የሚነካ ነበር። አስቸጋሪነቱንም ይወዱለት ነበር፤ «ደራሲው ጣልቃ ገብቶ አያስረዳሽም፣ ራስሽ ስሚያቸው» ይሉኝ ነበር። አምባሰልም ቢሆን የሚጠሉት ዜማ አልነበረም፤ ማሪቱ ለገሠ ስታዜም የተማሪ ደብተር ማረም አቁመው ዓይንዎን ይጨፍኑ እንደነበር አስታውሳለሁ። ስለዚህ ይደሰታሉ ብዬ ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥተው፣ ባርኔጣዎን አንሥተው ወጡ። አዳራሹ በሙሉ የመምህሩ ልጅ መሆኔን ያውቅ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ያሉኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «በስሙ ተጫወትሽ እንጂ መጽሐፉን አላነበብሽውም።» እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አብሽሪ፣ ይበርድለታል» ብላኝ ራቴን ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ግጥም ጽፌ አላውቅም። ዘመኑን ሙሉ ስለ ሰው መጽሐፍ የማስተምረው ምናልባት ለዚህ ይሆናል፤ ይህን በቁጣ ልጽፈው ተነሥቼ ነበር፣ አሁን ግን ቁጣው የት እንደገባ አላውቅም።

አላነበብሁትም ነበር፣ አባባ። ከግማሹ አላለፍሁም። እንዴት እንዳወቁብኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቢሆንም ጨርሰው ሰምተውኝ ማታ ቢቆጡኝ ኖሮ ምን ነበረበት?

የልጅ ልጅዎ ቁመቱ እኔን አልፏል። ክራር መማር ጀምሮ ባቲን ከትዝታ መለየት አቅቶት ሲያደናግር ወሎየነቱን እንጠራጠራለን። ታናሿ ደግሞ ፊደል ጨርሳ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ እያነበበች መንገድ አታስኬደንም፤ በክረምት ስንመጣ ለአያቴ ጋዜጣ አነብለታለሁ ትላለች።

በጥር ወር የዓይን ሐኪሙ እርስዎን ውጭ አስቀምጦ ለእኔ የነገረኝን ነገር እስካሁን አልነገርሁዎም። እርስዎ ነገሩ የዓይን ሞራ ነው፣ ጎረቤታችን ሐጂ እንደተገፈፈላቸው ለእኔም ክረምቱ ሲወጣ ይገፈፍልኛል፣ ከዚያ የቆዩትን መጻሕፍት ከሳጥን አወጣለሁ እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ እኔም በስልክ «እሺ» እያልሁ አምስት ወር አሳልፌአለሁ። የእርስዎ ሞራ አይደለም። ግላኮማ የሚሉት፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ነው፤ የጠፋው ብርሃን በቀዶ ሕክምናም በመነጽርም አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ግን ጠብታው ይረዳል። ስለዚህ «ለውጥ አላየሁበትም» ብለው ጠብታውን እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ፤ ሥራው ያለውን መጠበቅ ነውና ለውጥ አይታይበትም። ማታ ማታ ከዜና በኋላ እህቴ ታድርግልዎ፤ በራስዎ ሲሞክሩት ጉንጭዎ ላይ እንደሚፈስ ነግራኛለች። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ይንገሩኝ፤ እዚያ ከጠፋ ከዚህ በአውቶቡስ እልካለሁ። በጥር መናገር ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ።

የጠየቁኝ ግጥም ይኸውልዎ። እህቴ ዜማ እንዳትሞክር፤ ማንበብ ብቻ ይበቃል።

ውሃ ልቀዳ ብወርድ ደፍርሶ አገኘሁት፣
እስኪጠራ ድረስ ዳር ላይ ጠበቅሁት።
ማን አደፈረሰው ብዬ ብጠይቀው፣
የራሴ እግር ኖሯል ገብቶ የረገጠው።

እርስዎ የሰሙት እስከ ሁለተኛው ስንኝ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በትንሿ ሬዲዮ ላይ የሚሰካ ፍላሽ ልኬአለሁ። «አደፍርስ»ን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ አንዲት ቃል ሳልነካ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በድምፅ እየቀዳሁት ነው፤ እስካሁን 30 ገጽ ደርሻለሁ። በመካከሉ የውሻ ጩኸትና አንድ ጊዜ የእኔ ሳል ይሰማል። ወጋየሁን እንዳይጠብቁ። አነባበቤ የተሳሳተበትን ቦታ ለእህቴ ያስመዝግቡልኝ፤ እኔም ትርጉማቸው ያልገባኝን ቃላት በወረቀት ለይቼ ይዣለሁና በነሐሴ ደሴ ስገባ እጠይቅዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ